ሞሪሺየስ ወይስ ሲሼልስ? ስለ ሁለቱ የደሴት ሀገሮች ኢኮኖሚ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአፍሪካ ሀገሮች የነፍስ ወከፍ ገቢ ሰንጠረዥ በወጣ ቁጥር ላይኛው ረድፍ ላይ የማይጠፉ ሁለት ስሞች አሉ፤ ሞሪሺየስና ሲሼልስ። ሁለቱም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ትንንሽ ሀገሮች ናቸው። ሁለቱም እንደ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ኅብረትና የኮሜሳ፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ አባል ናቸው። ሰዎች ሁለቱን ሲያወዳድሩ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ስለሆኑ እዚህ ሰብስበናቸዋል። ዓመቶቹ ለብቻው ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሁለቱ ሀገሮች ዓመታዊ ምርት ስንት ነው?

በ2023 የሞሪሺየስ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት፣ ማለትም ጂዲፒ፣ 14 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። የሲሼልስ ከ2 ቢሊዮን ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። የሞሪሺየስ ኢኮኖሚ የሲሼልስን ከስድስት እጥፍ በላይ ያህላል ማለት ነው።

ታዲያ ሀብታሟ ሞሪሺየስ ናት?

አይደለችም። ሞሪሺየስ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ሲሼልስ ያላት 120 ሺህ ገደማ ነው። ምርቱን ለሕዝቡ ስናካፍለው ለአንድ የሞሪሺየስ ሰው ከ11 ሺህ ዶላር በላይ፣ ለአንድ የሲሼልስ ሰው ደግሞ ከ17 ሺህ ዶላር በላይ ይደርሳል። በጠቅላላው የምትቀድመው ሀገር በነፍስ ወከፍ ትቀደማለች።

ይህ ግራ ሊያጋባ አይገባም። ሁለቱ ቁጥሮች የሚመልሱት ጥያቄ ለየቅል ነው። ጠቅላላው ምርት ገበያው ምን ያህል እንደሚሰፋ፣ መንግሥት ምን ያህል ግብር መሰብሰብ እንደሚችል ያሳያል። የነፍስ ወከፉ ስለ ኑሮ ደረጃ ፍንጭ ይሰጣል። ፍንጭ ነው ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አማካይ ስለሆነ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው አይነግረንም።

ከኢትዮጵያ ጋር ሲነጻጸሩስ?

በ2023 የኢትዮጵያ ጂዲፒ ወደ 160 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ የሞሪሺየስን 11 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። የሕዝብ ቁጥራችን ግን የሞሪሺየስን መቶ እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በነፍስ ወከፍ የኛ 1,300 ዶላር አካባቢ ላይ ይቀራል። የሲሼልስ ሕዝብ በሙሉ ተጠቃሎ አዲስ አበባ ቢገባ አንድ መካከለኛ ክፍለ ከተማ እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል የመጠን ልዩነት ስላለ የደሴቶቹን ፖሊሲ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት አያዋጣም። የሚጠቅመው ለየትኛው ችግር ምን ዓይነት መፍትሔ እንደፈለጉ መመልከት ነው።

ጂዲፒ ሲባል ምንድን ነው የሚቆጠረው? ሲሼልስ ወደብ ላይ የሚራገፈው ቱና ሁሉ የሲሼልስ ምርት ነው?

የብዙ ሰው ግራ መጋባት የሚጀምረው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

የሲሼልስ ዋና ከተማ ቪክቶሪያ ወደብ ላይ ትልቅ የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ አለ። በዓለም ካሉት ትላልቆቹ አንዱ ነው። ዓሣውን የሚያጠምዱት በአብዛኛው የስፔንና የፈረንሳይ ኩባንያዎች መርከቦች ናቸው። ሰፊ መረብ ዙሪያውን ጥለው መንጋውን ይሰበስባሉ፣ መርከቡ ላይ ያቀዘቅዙታል፣ ቪክቶሪያ መጥተው ያራግፋሉ። ፋብሪካው ዓሣውን ያቀልጣል፣ ይቀቅላል፣ ሠራተኞች ቆዳውንና አጥንቱን በእጃቸው ይለያሉ፣ ሥጋው ቆርቆሮ ውስጥ ይታሸጋል። ከዚያ ወደ አውሮፓ ይጫናል።

አሁን ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር እንስጠው። አንድ ቆርቆሮ ቱና ከፋብሪካው በ20 ሩፒ ወጣ እንበል። ከዚህ ውስጥ 12ቱ ለዓሣው የተከፈለ ነው። ሌላ 4 ሩፒ ደግሞ ከውጭ ለመጣው ቆርቆሮ፣ ዘይትና ነዳጅ ወጥቷል። የኤክስፖርት መዝገቡ ላይ 20 ሩፒ ይጻፋል። ጂዲፒ ውስጥ የሚገባው ግን የቀረው 4 ሩፒ ነው፤ ፋብሪካው በዓሣው ላይ የጨመረው እሴት እሱ ነውና። ባሕር ላይ የተደረገው ማጥመድ የሚቆጠረው መርከቡን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ባለበት ሀገር ነው። ዓሣው ሲሼልስ ውኃ ውስጥ ስለዋኘ ብቻ የሲሼልስ ምርት አይሆንም።

ከዚያች 4 ሩፒ ውስጥም ደመወዝ፣ ግብርና ትርፍ አለ። ፋብሪካውን በአብላጫ ድርሻ የያዘው የውጭ ኩባንያ ነው፤ መንግሥት ያለው አነስተኛው ድርሻ ነው። ስለዚህ ከትርፉ የሚበልጠው ክፍል ከሀገር ይወጣል። ጂዲፒ ይህን አይቀንስም፤ ምርቱ የተፈጠረው እዚያ እስከሆነ ድረስ የሲሼልስ ነው ብሎ ይቆጥራል። የሚቀንሰው ጠቅላላ ብሔራዊ ገቢ የሚባለው ሌላኛው ቁጥር ነው። በውጭ ባለሀብት የተያዙ ሆቴሎችና ፋብሪካዎች የበዙባትን ትንሽ ሀገር ስትገመግሙ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ ካላያችሁ ሥዕሉ ጎዶሎ ነው።

ሞሪሺየስ ከስኳር ተነሥታ እንዴት እዚህ ደረሰች?

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሞሪሺየስ ተስፋ የሚሰጥ ሰው አልነበረም። ኤክስፖርቷ ከሞላ ጎደል በሙሉ ስኳር ነበር። ሕዝቧ በፍጥነት ይጨምራል፣ ሥራ የለም፣ አውሎ ነፋስ በመጣ ቁጥር አገዳው ይወድማል። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ጄምስ ሚድ በ1961 ያቀረበው ጥናት የደሴቲቱን ዕጣ ፈንታ በጣም አጨልሞ ነበር ያየው። ሚድ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1977 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ሞሪሺየስን በተመለከተ ግን ትንበያው አልሰመረም።

ሀገሪቱ ነጻነቷን ያገኘችው መጋቢት 12 ቀን 1968 ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤክስፖርት ለሚያደርጉ ፋብሪካዎች ልዩ የግብርና የቀረጥ ማበረታቻ የሚሰጥ ሕግ አወጣች። ሕጉ ፋብሪካዎቹን በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ አላሰባሰበም። በደሴቲቱ የትኛውም ቦታ ላይ ያለ ፋብሪካ መስፈርቱን ካሟላ ማበረታቻውን ያገኛል። የሆንግ ኮንግ ባለሀብቶች መጡ፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በየመንደሩ ተከፈቱ። ከዚያ በፊት ደመወዝ አግኝተው የማያውቁ እጅግ ብዙ ሴቶች ሥራ ያዙ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የፋብሪካዎቹ ኤክስፖርት ከስኳሩ በለጠ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተነሣበት ሐሳብም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስኳሩ ግን አልተጣለም። ከ1975 ጀምሮ አውሮፓ ከአፍሪካ፣ ከካሪቢያንና ከፓሲፊክ ሀገሮች ጋር ባደረገው የሎሜ የንግድ ስምምነት አማካይነት የሞሪሺየስን ስኳር በተወሰነ መጠንና ከዓለም ገበያ ብዙ ጊዜ በሚበልጥ ዋጋ ይገዛ ነበር። ያ ገንዘብ የትም አልባከነም። የአገዳ ባለርስቶቹ ትርፋቸውን ወደ ሆቴልና ወደ ጨርቃ ጨርቅ አዞሩት። መንግሥት ደግሞ ከስኳር ኤክስፖርት ግብር እየሰበሰበ ለትምህርትና ለጤና አዋለው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከ1977 ጀምሮ ነጻ ሆነ። እኔን የሚገርመኝ ይህ ክፍል ነው። በአንድ ሰብል ላይ የተንጠለጠሉ ብዙ ሀገሮች ዋጋ ሲወጣ ይበላሉ፣ ዋጋ ሲወርድ ይበደራሉ። ሞሪሺየስ ደጉን ዘመን ሌላ ሥራ ለመፍጠር ተጠቀመችበት።

ፈተናውም መጣ። በ2005 መጀመሪያ የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ ቀረና የቻይና ልብስ ገበያውን አጥለቀለቀው። ብዙም ሳይቆይ አውሮፓ ለስኳር የምትከፍለውን የተረጋገጠ ዋጋ በ36 በመቶ ቀነሰች። ያኔ ግን ቱሪዝሙና የፋይናንስ አገልግሎቱ ቆመው ነበር። አንዱ እግር ሲዝል ሌላው ተሸከመ። የአገዳው ፋይበር እንኳ ዛሬ ተቃጥሎ ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

ሲሼልስስ በምንድን ነው የምትኖረው?

በቱሪዝምና በዓሣ። እስከ 1971 ድረስ ሲሼልስ የሚደረሰው በመርከብ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። የምትሸጠው የደረቀ የኮኮናት ሥጋና ቀረፋ ነበር። በዚያ ዓመት ማሄ ደሴት ላይ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተና የሀገሪቱ ኑሮ ተለወጠ።

በ2019 ከ380 ሺህ በላይ ጎብኚ ገብቷል፤ የሕዝቧን ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ሞሪሺየስ በዚያው ዓመት 1.4 ሚሊዮን ገደማ ጎብኚ ተቀብላለች፤ ይህ ከራሷ ሕዝብ ብዙም አይበልጥም። የነፍስ ወከፍ ልዩነቱ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ለአንድ ሲሼልሳዊ የሚደርሰው ቱሪስት ይበዛል፣ ቱሪስቱም ውድ ክፍል ነው የሚይዘው።

115 ደሴቶች ቢኖሯትም የብሷ ስፋት 460 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በኢኮኖሚ መብቷ ሥር ያለው ባሕር ግን ከ1.3 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከኢትዮጵያ ስፋት ይበልጣል። ሲሼልስን በየብሷ ብቻ የሚለካት ሰው ሀብቷን አላየም።

በ2008 ሲሼልስ ምን ገጠማት?

የብርን ጉዳይ ለተከታተለ ሰው ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም።

የሲሼልስ ሩፒ ለዓመታት መንግሥት በወሰነው ተመን ይመነዘር ነበር። 2008 ላይ አንድ ዶላር 8 ሩፒ ገደማ ነበር። ባንክ ስትሄድ ዶላር የለም። ጥቁር ገበያው ላይ አለ፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ይጠፋል። መንግሥትም ከዓመታዊ ምርቱ የሚበልጥ ዕዳ ተሸክሞ ነበር። በዚያ ላይ የነዳጅና የምግብ ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። በመጨረሻ የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንዱን ክፍያ ማሟላት አቃተው።

በኅዳር 2008 ከአይ.ኤም.ኤፍ ጋር ተስማምቶ ሩፒውን ለገበያ ለቀቀው። ዶላር ወዲያው ሽቅብ ወጣ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ16 ሩፒ አለፈ። ኑሮ ተወደደ፣ ሰው ተጨነቀ። የመንግሥት ወጪና ድጎማ ተቀነሰ። አበዳሪ መንግሥታት በ2009 ከዕዳው 45 በመቶውን በሁለት ደረጃ ለመሰረዝ ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ኢኮኖሚው አገገመ።

ለንጽጽሩ የሚጠቅመን ነጥብ ይህ ነው። ሩፒው በተለቀቀ ማግስት ሆቴሎቹ እዚያው ናቸው፣ ዓሣውም እዚያው ነው። በዶላር የተሰላው ጂዲፒ ግን ቀነሰ። የኛም ብር ሐምሌ 2016 ዓ.ም ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዶላር ጂዲፒያችን ወረደ ሲባል እርሻውና ፋብሪካው በዚያው ልክ ቀነሰ ማለት አይደለም። ስለዚህ የሁለት ሀገሮችን የዶላር ቁጥር ስታወዳድሩ በዚያ ዓመት የምንዛሪ ተመኑ ምን ላይ እንደነበረ ቀድማችሁ ጠይቁ። ተመኑ በሰው ሠራሽ መንገድ የተያዘ ከሆነ ቁጥሩም ያበጠ ነው።

«በመግዛት አቅም የተስተካከለ» የሚባለው ምንድን ነው?

በአንድ ዶላር የሚገዛው ዕቃ ከሀገር ሀገር ይለያያል። ሲሼልስ ኑሮ ውድ ነው፤ የምትበላውንና የምትገለገልበትን አብዛኛውን ነገር ከውጭ ነው የምታስገባው። ሞሪሺየስ በአንጻሩ ርካሽ ናት። ይህን ልዩነት አስተካክሎ የሚሰላው ጂዲፒ ሲታይ በሁለቱ መካከል ያለው የነፍስ ወከፍ ርቀት በጣም ይጠባል። ስለ ኑሮ ማወቅ ከፈለጋችሁ ይህን ተጠቀሙ። ስለ ዕዳና ስለ ኢምፖርት ከሆነ ግን መደበኛውን የዶላር ቁጥር ያዙ፤ ዕዳ የሚከፈለው በተስተካከለ ዶላር አይደለም።

ቁጥሩ ከዓመት ዓመት ለምን እንዲህ ይዋዥቃል?

ጥቂት ነገር ላይ የቆመ ትንሽ ኢኮኖሚ ስለሆነ። በ2020 ኮቪድ መጥቶ ሞሪሺየስ ድንበሯን ስትዘጋ ምርቷ በአንድ ዓመት ከ14 በመቶ በላይ ወረደ። ለጎብኚዎች ሙሉ በሙሉ የተከፈተችው በጥቅምት 2021 ነው። ሲሼልስም ክፉኛ ወደቀች፤ ግን ሕዝቧን በፍጥነት ከትባ በመጋቢት 2021 በሯን ከፈተች። ግማሽ ዓመት መቅደም ለቱሪዝም ሀገር ትልቅ ነገር ነው።

በዓለም ባንክ ምደባ ላይም ይህ ታይቷል። ሲሼልስ ከ2015 ጀምሮ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ሀገሮች ተራ ናት። ሞሪሺየስ በሐምሌ 2020 እዚያ ደርሳ በቀጣዩ ዓመት ተመልሳ ወረደች።

ሞሪሺየስ የግብር መሸሸጊያ ናት ይባላል። ጂዲፒዋ በወረቀት ኩባንያዎች የተነፋ ነው?

ጥርጣሬው መሠረት አለው። ሞሪሺየስ ከሕንድ ጋር በነበራት የግብር ስምምነት የተነሣ ወደ ሕንድ የሚሄድ ብዙ ኢንቨስትመንት ለዓመታት በዋና ከተማዋ በፖርት ሉዊ በኩል ያልፍ ነበር። ሕንድ በ2016 ስምምነቱን አስከልሳ ቀዳዳውን ጠበብ አደረገችው። ሀገሪቱ ከየካቲት 2020 እስከ ጥቅምት 2021 ድረስ በገንዘብ ማጠብ ቁጥጥር ጉድለት በዓለም አቀፉ ግራጫ መዝገብ ውስጥ ነበረች።

የሚያልፈው ገንዘብ ግን በቀጥታ ጂዲፒ ውስጥ አይገባም። የሚገባው በዚያ ምክንያት የሚፈጠረው የጠበቃ፣ የሒሳብ ሠራተኛና የባንክ አገልግሎት ነው። ይህ እውነተኛ ሥራ ነው፤ የተማሩ ወጣቶች የሚቀጠሩበት። የሚነፋው ብሔራዊ ገቢው ነው፤ ኩባንያዎቹ እዚያ ስለተመዘገቡ ከውጭ የሚያገኙት ገቢ የሞሪሺየስ ተብሎ ይቆጠራል። የሞሪሺየስ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤትም እነዚህን ኩባንያዎች ጨምሮና ሳይጨምር ለይቶ ያወጣዋል። እኔ ሁልጊዜ የማየው ሳይጨምር ያለውን ነው። ይህን የምለው ለሞሪሺየስ ክብር ስለማይገባት አይደለም። ለአፍሪካ መንግሥታት መከፈል የነበረበት ግብር በሌላ ሀገር በኩል ሲሾልክ የሚጎዱት ድሆቹ ሀገሮች ስለሆኑ ነው፤ ይህ ሊነገር ይገባል።

ጂዲፒ የማያሳየው ነገር ምንድን ነው?

ብዙ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 2020 ዋካሺዮ የተባለ የጃፓን ባለቤትነት ያለው መርከብ ሞሪሺየስ ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ላይ የኮራል ሪፍ ላይ ወጣ። ወደ አንድ ሺህ ቶን ነዳጅ ባሕሩ ላይ ፈሰሰ። ሕዝቡ የአገዳ ቅጠል በጨርቅ እየጠቀጠቀ ዘይቱን የሚያግድ ተንሳፋፊ አጥር በእጁ ሠራ። ያ ሁሉ የበጎ ፈቃድ ሥራ ጂዲፒ ውስጥ ዜሮ ነው። ክፍያ ተቀብሎ ያጸዳ ኩባንያ ሥራ ግን ምርት ተብሎ ይደመራል። የተበላሸው ባሕር ደግሞ ከየትም አይቀነስም።

ሲሼልስ ውስጥ የሄሮይን ሱስ ብዙ ቤተሰብ ያፈረሰ የሀገር ጉዳይ ነው። 17 ሺህ ዶላር የሚለው ቁጥር ውስጥ ይህ አይታይም።

የማን መንገድ ይሻላል?

በነፍስ ወከፍ ሲሼልስ ትቀድማለች፤ እኔ ግን ሞሪሺየስን ነው የምመርጠው። ሲሼልስ ብርቅ ተፈጥሮና ሰፊ ባሕር አላት፤ አንድ መቶ ሺህ ለሚሆን ሰው ይበቃል። ይህን ሌላ ሀገር ሊደግመው አይችልም። ሞሪሺየስ የሠራችው ግን ሊደገም የሚችል ነገር ነው። በአንድ ሰብል ላይ የነበረ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለያየ ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ሆቴልና ወደ ቢሮ ሥራ አሸጋገረች። ይህን ያደረገችው ምርጫ እያካሄደች፣ ሥልጣን በድምፅ እየተቀያየረ ነው።

ለሲሼልስም ፍትሕ እንስጥ። ከ2008 በኋላ በዕዳ አያያዝ ያሳየችው ጥንካሬ ቀላል አይደለም። በ2018 ለባሕር ጥበቃና ለዘላቂ ዓሣ ሀብት የሚውል የ15 ሚሊዮን ዶላር «ሰማያዊ ቦንድ» በዓለም የመጀመሪያዋ ሆና ሸጣለች።

አዳዲስ ቁጥሮችን የት አገኛለሁ?

የዓለም ባንክ የመረጃ ገጽ በነጻ ክፍት ነው። አይ.ኤም.ኤፍ ደግሞ በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት አዲስ ሰንጠረዥ ያወጣል። ሁለቱም ሀገሮች የራሳቸው የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት አላቸው፤ የየሩብ ዓመቱን ቁጥር መጀመሪያ የምታገኙት እዚያ ነው። ስትወስዱ የሁለቱም ዓመት አንድ መሆኑን፣ መደበኛ ዶላር ይሁን በመግዛት አቅም የተስተካከለ፣ የተረጋገጠ ይሁን ትንበያ፣ አረጋግጡ። የቆየ ሰንጠረዥ ካስቀመጣችሁም አዲሱን አውርዱ፤ መሥሪያ ቤቶቹ ያለፉ ዓመታትን ቁጥር ጭምር ይከልሳሉ።